የክንፍ ተጫዋች እንጀራ



ከናይሮቢ ከተማ በስተ ደቡብ፥ በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያና በሞምባሳ መንገድ መካከል፥ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር አለ። ከሰፈሩም ብዙ ሳይርቅ በ1983 ዓ.ም. የተከፈተው የኛዮ ስታዲዮም ይገኛል። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ባለ ሰፈር የሚያድግ ልጅ ደብተሩንና ኳሱን በአንድ ብብት ይዞ ወደ ክፍል ቢገባ መምህሩ ምን ያደርገዋል? አንዱ ኳሱን ይነጥቀዋል። ሌላው ደግሞ ሩጫውን አይቶ፥ «ይህስ እንጀራውን በእግሩ ይበላል» ብሎ ከሒሳብ ትምህርት ያሰናብተዋል። ሁለቱም የሥራውን ጠባይ አልመረመሩም። ስለዚህ በዚያች ከተማ የተወለደ የአንድ ተጫዋች ታሪክ ቢታይ ይጠቅማል።

የክንፍ ተጫዋች ማለት በሜዳው ጠርዝ እየሮጠ፥ ተከላካዩን አልፎ ኳሱን ወደ ጎል አፍ የሚያሻግር ነው። ሀብቱ ፍጥነቱ ነው። የመሀል ተጫዋች ዕድሜው ሲገፋ በማስተዋሉ ይካሳል፤ በረኛም እስከ አርባ ዓመቱ ሊቆም ይችላል፤ የክንፍ ተጫዋች ግን ጉልበቱ ከተጎዳ ወይም ሠላሳ ዓመት ካለፈው ለገበያ የሚያቀርበው ነገር እያነሰበት ይሄዳል።

አዩብ ቲምቤ ማሲካ በ1992 በናይሮቢ ተወለደ። በቤልጅግ አገር ለጌንክ ክለብ፥ ከዚያም በሊር ከተማ ለሚገኘው ለሊርስ ተጫወተ። በ2017 ወደ ቻይና ተሻግሮ የቤይጂንግ ሬንሄ ክለብ ተጫዋች ሆነ። ያ ክለብ በ2019 ከከፍተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። በጥር 2020 ማሲካ በውሰት ለእንግሊዙ ሬዲንግ ተሰጠ። ውሰት ማለት ተጫዋቹ የአንዱ ክለብ እንደ ሆነ ለሌላው ለተወሰነ ጊዜ ሲያገለግል ነው፤ ገበሬ በሬውን ለጎረቤቱ እንደሚያውሰው ያለ ነው፤ ልዩነቱ ተጫዋቹ ፈቃዱን ሰጥቶ መፈረሙ ነው። ውሉ እስከ ሰኔ ድረስ ነበረ። በመጋቢት ወር ግን የኮሮና ወረርሽኝ ውድድሩን ለሦስት ወር ያህል አቆመው፤ ከተሰጠው ጊዜ አብዛኛው ኳስ ሳይነካበት አለፈ። በ2021 የጃፓኑ ቪሰል ኮቤ ወሰደው፤ ጃፓንም በዚያው ዓመት መጀመሪያ በወረርሽኙ ምክንያት አዲስ ለሚገቡ የውጭ አገር ሰዎች በሯን ዘግታ ነበር። ከዚያ በኋላ የታይላንዱ ቡሪራም ተቀበለው።

እንግዲህ የክለቦቹን ዕጣ ደግሞ ተመልከቱ። ማሲካ ከወጣ በኋላ፥ በ1906 የተመሠረተው ሊርስ በ2018 ከስሮ ተዘጋ። ቤይጂንግ ሬንሄም ዛሬ የለም። ወደ እንግሊዝ አገር ለመግባት ያስፈልግ የነበረው የሥራ ፈቃድም በዚያን ጊዜ ከአውሮፓ ውጭ ለመጣ ሰው የብሔራዊ ቡድኑ የዓለም ደረጃ እየታየ የሚሰጥ ነበር፤ የአንዱ ሰው ዕድል በአገሩ ልጆች ሁሉ ውጤት ይመዘን ነበር ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በሩጫ የሚሸነፍ አንድም ነገር የለም።

በሊርስ ያለፈ ኢትዮጵያዊም አለ፤ ይኸውም በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ለኢትዮጵያ የተሰለፈው አጥቂ ሳላዲን ሰይድ ነው። ወደዚያ የሄደው ከግብጹ ዋዲ ደግላ በውሰት ሲሆን፥ የሁለቱም ክለቦች ባለቤት አንድ ግብጻዊ ባለጸጋ ነበረ። ከካይሮ ወደ ሊር የወሰደው መንገድ በባለቤቱ ኪስ በኩል ያልፍ ነበር።

ከዚህ በፊት የነበረው ትውልድ ይህንም አላገኘም። በ1960ዎቹ ለአባሉያ ክለብና ለኬንያ ቡድን የተጫወቱት ጆ ካዴንጌ ስማቸው በሬዲዮ እየተጠራ፥ «ካዴንጌ ና ምፒራ» ማለትም «ካዴንጌ ከኳሱ ጋር» የሚለው ቃል የሕዝብ አነጋገር እስኪሆን ድረስ ታወቁ። እኒህ ሰው ግን በኋለኛው ዘመናቸው ታክሲ እየነዱ ኖሩ፤ በ2019 በናይሮቢ ዐረፉ። ዝናውና ገንዘቡ በአንድ ሰው ቤት አልተገናኙም። ለማሲካ ዘመን ልጆች ገንዘቡ መጥቷል፤ ነገር ግን በወራት እየተቆረጠ ነው የመጣው።

የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደንብ፥ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፥ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። ደግሞም ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ለሚዛወር ተጫዋች ከሚከፈለው ገንዘብ ከመቶ አምስት እጁ ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። (ከዚህ ዕድሜ እኩሌታው በክፍል ውስጥ የሚያልፍ ቢሆንም ደንቡ መምህርን አያውቅም!) ስለዚህ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ብዙውን ጊዜ በመምህሩ እጅ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሒሳብ መምህሩ የስድስት ወር ውሰት ደመወዝ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ፥ ግብሩንና የወኪሉን ድርሻ አስቀንሶ፥ የቀረው ተጫዋቹ ሥራ ለሚፈታባቸው ወራት ሲዳረስ ስንት እንደሚሆን ሊያስጠይቀው ይችላል። የቋንቋ መምህሩም አንድ ውል አንብቦ፥ «ውሉ የሚቋረጠው…» የሚለው አንቀጽ ከየትኛው ወገን እንደሚያዝ እንዲለይ ሊያስተምረው ይችላል።