የየቲሞች ባሕርይና የሰፈራችን ጤና ጣቢያ





በአፍንጮ በር የየቲሞችን ቤት ስንጎበኝ የምንሰማው ስሞታ የቀለብና የልብስ ብቻ አይደለም። «ልጁ አልታዘዝ አለ፣ ይማታል፣ ከትምህርት ቤት ይኮበልላል» የሚለውም ነው። ብዙዎቻችን ነገሩን ብልግና ብለን አርጩሜ እናነሣለን። አባቱን የቀበረ ልጅ ግን ሐዘኑን በእንባ ፈንታ በቡጢ ሊገልጸው ይችላል።

ቀድሞ የአእምሮ ሕክምና ሲባል የሚታሰበን አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ስሙን ፈርቶ የቀረው ስንቱ ነው! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ ግን የልጆች የባሕርይ መታወክ ልዩ ሐኪም በሌለበት ጤና ተቋምም እንዲታይ ያደርጋል። ኢትዮጵያም መመሪያውን ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት። በዚህ አሠራር የጤና ባለሙያው የልጁን መስማትና እንቅልፍ፣ የአሳዳጊውንም ጭንቀት ይመረምራል፤ መምህሩ የክፍል ውሎውን ያስረዳል፤ የከበደው ወደ ልዩ ሐኪም ይላካል። ለእንቢተኝነትና ለጠብ መድኃኒት አይታዘዝም። ሕክምናው አሳዳጊውን ማሠልጠን ነው፦ ትእዛዝን አጭርና ግልጽ ማድረግ፣ ልጁ መልካም ሲሠራ ወዲያው ማመስገን፣ ፈጽሞ አለመግረፍ። ይህ ኪኒን ከመስጠት ይከብዳል፤ ሳምንታትም ይፈልጋል።

እንጀራ ጋግራ የምታድር እናት በቀጠሮ ቀን የዕለት ገቢዋን ታጣለች። በመሆኑም ለጋሾቻችን ከወርሃዊው ድጋፍ ጋር የዚያን ቀን ገቢና የታክሲ ሒሳብ እንድትሸፍኑልን እንጠይቃለን። አሳዳጊዎችም ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ከመምህሩ አጭር ማስታወሻ አጽፋችሁ ያዙ።