ስለ አንዲት ማሳና ስለ ሁለት ትውልድ
(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ቀን የተነገረ ቃል)



ኢዮቤልዩ የሚባለው ነገር የመሬትም ሕግ ነበረ። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈው፥ በ50ኛው ዓመት መለከት ሲነፋ አባት በችግር የሸጠው እርሻ ወደ ወገኑ ይመለስ ነበረ፤ ይኸውም የአባት ድህነት ለልጅ ልጅ እንዳይተርፍ ነው። ስለዚህ በዛሬው ቀን ስለ መሬት ብናገር ከነገሬ የወጣሁ አይምሰላችሁ።

በአገራችን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገው። ኋላም በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. መሬት ዳግመኛ ተሸነሸነ። በዚያን ጊዜ ለአካለ መጠን የደረሰ ድርሻ አገኘ፤ በዚያው ዓመት የተወለደው ሕፃን ግን ዛሬ 28 ዓመት አልፎት፥ አግብቶና ወልዶ፥ ብዙውን ጊዜ የአባቱን እጅ ሲያይ ይኖራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ለገበሬ መሬትን በነጻ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። መብቱ አለ፤ የሚታደለው መሬት ግን አልቋል።

ይህን የሰማ ሰው ሽማግሌዎቻችንን ስስታሞች ይላቸው ይሆናል፤ እኔ ግን አልልም። የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፥ መንግሥትም 11 በመቶ እየከፈሉለት በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ገበሬው ግን አገር ሲቀልብ ኖሮ ጉልበቱ ሲከዳው የምትጦረው ያችው ማሳ ናት። ቢለቃት የምራቱን ፊት እያየ ሊበላ ነው፤ ባይለቃት ልጁ ይሰደዳል። (ምራቶችን ማማቴ አይደለም፤ የእኔይቱ ደግ ናት።)

እንግዲህ ፍርድ የጎደለው በአባትና በልጅ መካከል አይደለም፤ ሽማግሌ መጦርንና ጎልማሳ ማቋቋምን፥ ሁለቱንም ዕዳ፥ በአንዲት ማሳ ላይ በጫነው ሥርዓት ዘንድ ነው። በቅኔ ቤት እንደምናስተምረው ርስትም ወራሽም ወረሰ ከሚለው ከአንድ ግስ ይወጣሉ፤ ወራሹ በከተማ ጎዳና ሲንከራተት ርስት የሚለው ስም ለማን ይቀራል?

ለገበሬም ጡረታ ሊታሰብለት ይገባል፤ በደጉ ዓመት ጥቂት እያዋጣ መንግሥትም ቢጨምርለት፥ አባት ሳይፈራ መሬቱን ይለቅ ነበረ። እስከዚያው ድረስ ልጅ እንዲያርስ፥ አባትም እስኪሞት ድረስ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን እንዲያገኝ በጽሑፍ መዋዋል ይቻላል። በዓረብ አገር ሠርታ ለአባቷ ቤት ቆርቆሮ የገዛችው ሴት ልጅም ከውሉ ትግባ፤ ድርሻ ሲነሣ ስሟን የምንዘነጋው ያለ ፍርድ ነው።

ውሉን ለመጻፍ የሚቸገር ቢኖር ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ እኛ መምህራን እንጽፍለታለን፤ ከምስክሮቹ ጋራ ወደ ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ የእርሱ ፈንታ ነው።