ዋሱ ሲወድቅ፦ የባለሙያ ሠራተኛ ቪዛ ከተሰረዘ በኋላ ያሉ አማራጮች



ርእሴ የሕግ ርእስ ቢሆንም የምጀምረው ከአንድ ቃል ነው። በአገራችን የዳኝነት ልማድ «ዋስ» ማለት ስለ ሌላው ሰው ግዴታ የሚገባ ነው፤ ባለዕዳው ቢጠፋ ወይም ቢያጠፋ ዋሱ ይጠየቃል። በሽማግሌ ፊት የተቀመጠ የጎጃም ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ዋስ ሁን የተባለ ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚያስበውም ለዚህ ነው። ብሪታንያ ለባለሙያ ሠራተኞች የምትሰጠው ቪዛ፣ አሜሪካ ኤች-ዋን-ቢ የምትለው፣ በዓረብ አገሮች ካፋላ የሚባለውም ሥርዓት የቆሙት በዋስ ላይ ነው። ልዩነቱ ዕዳው በሚዞርበት አቅጣጫ ላይ ነው። በነዚህ ሥርዓቶች ዋሱ ሲያጠፋ ዋስ የተቆመለትም አብሮ ይወድቃል፤ ቀጣሪው የስፖንሰርነት ፈቃዱን ሲነጠቅ ምንም ያላጠፋው ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዱን ያጣል።

ይህ በጥቂቶች ላይ የሚደርስ አጋጣሚ አይደለም። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 እስከ ታኅሣሥ 2024 ባለው ጊዜ በአረጋውያንና በሕሙማን እንክብካቤ ዘርፍ ብቻ ከ470 በላይ የስፖንሰርነት ፈቃዶችን ሰርዟል፤ ከነዚህ ቀጣሪዎች ጋር የተያያዙት ሠራተኞች ከ39 ሺህ በላይ መሆናቸውን ራሱ መንግሥት ገልጿል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንዲት ሴት በሐሳባችን እናስቀምጥ። ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከአምበር የወጣች ነርስ ናት እንበል። አባቷ በሬ ሸጦ፣ መሬቱን ለጥቂት ዓመታት አከራይቶ ገንዘቡን ሰጥቷታል። ብሪታንያ የገባችው ግን በነርስነት ሳይሆን በእንክብካቤ ሠራተኝነት ነው። ለምን ቢባል፣ ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው፣ የጤና ባለሙያ እጥረት ባለባቸው የ55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለችበት። ብሪታንያም ከነዚህ አገሮች ባለሙያ ፈልገው እንዳይመለምሉ ቀጣሪዎቿን በሥነ ምግባር ደንብ ከልክላለች፤ ግለሰቡ በራሱ ቢያመለክት ግን አይከለከልም። ዝርዝሩ የተዘጋጀው አገራችንን ለመጠበቅ ነው፤ ዓላማውንም እደግፋለሁ። ውጤቱ ግን ይህች ልጅ ከኋላዋ መንግሥትም ሆነ ሆስፒታል ሳይቆም ብቻዋን እንድትሄድ ሆነ። አንድ ቀን የአሠሪዋ ፈቃድ ተሰረዘ የሚል ወሬ ትሰማለች። ምን ታድርግ?

በመጀመሪያ የተሰረዘው ምን እንደሆነ ትለይ። የቀጣሪው ፈቃድ መሰረዝና የእርሷ የመቆያ ፈቃድ መሰረዝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው የሚጸናው ሆም ኦፊስ በጽሑፍ ሲያስታውቃት ነው። በጥፋቱ እጇ ከሌለበት እንደ ልማዱ የመቆያ ጊዜዋ ወደ 60 ቀን ያጥራል፤ የቀራት ከዚያ ያነሰ ከሆነ በቀራት ትቀጥላለች። እያወቀች በማታለል ተካፍላለች ከተባለ ግን ወዲያውኑ ሊሰረዝባት ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር አለ፦ ማስታወቂያው የሚላከው በማመልከቻው ላይ ወደ ሰፈረው አድራሻ ነው። ማመልከቻውን ደላላ ሞልቶላት የራሱን ኢሜይል አስገብቶ ከሆነ፣ እርሷ ሳታውቀው ቀኑ ሲቆጠር ይቆያል።

ሁለተኛው ነገር አዲስ ስፖንሰር ነው። ፈቃድ ያለው ሌላ ቀጣሪ የስፖንሰርነት ምስክር ወረቀት ከሰጣትና 60ው ቀን ሳያልቅ አዲስ ማመልከቻ ካስገባች፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ የቀድሞው የመቆያ ፈቃዷ በሕግ ይራዘማል። አዲሱን ሥራ ግን ውሳኔው ሳይመጣ መጀመር አትችልም። በአሜሪካ ነገሩ በዚህ በኩል ለሠራተኛው ይሻላል፤ ኤች-ዋን-ቢ ያለው ሰው ሥራውን ሲያጣ እስከ 60 ቀን የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ አለው፤ አዲሱ ቀጣሪ ማመልከቻውን በአግባቡ እንዳስገባም ሥራ መጀመር ይችላል። ብዙዎች የማያውቁት ሌላም መብት አለ፦ ቀጣሪው ውሉ ሳያልቅ ካሰናበተው፣ ወደ አገሩ የሚመለስበትን የጉዞ ወጪ በተመጣጣኝ መጠን የመክፈል ግዴታ አለበት።

ወደ ነርሷ ልመለስ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ጀምሮ የእንክብካቤ ሠራተኛን ከውጭ መቅጠር አቁማለች። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ሌላ ቀጣሪ የማግኘት ዕድል በመጠኑ ሰፍቷል፤ ከአገር የወጣች ግን በዚያው በር አትመለስም። «አዲስ አበባ ሄጄ እንደገና አመለክታለሁ» የሚለው ምክር ዛሬ ለእንክብካቤ ሠራተኛ የሞተ ምክር ነው። በነርስነት መቀጠር አሁንም ይቻላል፤ ነገር ግን የነርሶች ምዝገባ የእንግሊዝኛ፣ የጽሑፍና የተግባር ፈተናዎች አሉት። ይህ በ60 ቀን አያልቅም። የሚጠቅመው ቪዛው ጤነኛ በነበረበት ጊዜ ለጀመረችው ነው። በዚያው ሰሞን የስፖንሰርነት ምስክር ወረቀት «የሚሸጡ» ሰዎች ይደውሉላታል። የምስክር ወረቀቱን ክፍያ ቀጣሪው ከሠራተኛው እንዳይቀበል ደንቡ ይከለክላል፤ ስለዚህ ዋጋ የተለጠፈበት ስፖንሰርነት ሁለተኛው ወጥመድ ነው። ያለ ፈቃድ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠትም በብሪታንያ ወንጀል ነው። ይህን የምለው የእኛው ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ደጅና በቡና ላይ በቅንነት የሚሰጡት ምክር ስንቱን እንዳሳሳተ ስለማውቅ ነው።

ስለ ጥገኝነት ጥያቄ አጭር ነገር ልበል። ጥገኝነት የሥራ ቪዛ ምትክ አይደለም፤ ምትክ አድርጎ የሚያቀርበው ሰው እውነተኛ ስጋት ያለበትንም ያስጠረጥራል። ሆኖም በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የገባንበትን ግጭት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በእርግጥ የምትሰጋበት ነገር ያላት ልጅ ይህን ለሕግ አማካሪዋ በጊዜ መናገር አለባት፤ ቪዛው ካለቀ በኋላ የሚነሳ ስጋት ተዓማኒነቱ ይቀንሳልና።

ከሁሉ የከፋው ዝም ብሎ መቅረት ነው። በአሜሪካ ከ180 ቀን በላይ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ቆይቶ በራሱ የወጣ ሰው ለ3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ ለ10 ዓመት እንዳይገባ ይከለከላል። ብሪታንያም የራሷ የእገዳ ዓመታት አሏት።

መመለስስ? የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 32 ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ የመመለስ መብት ይሰጣል። ቢጫ ካርድ አያስፈልጋትም፤ እርሱ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተሰጠው የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነው፤ እርሷ ዜጋ ናት። ችግሩ ያለው ከመብቱ ማዶ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከተመለሱ በኋላ የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 በዋናነት የሚያስበው በኤጀንሲ በኩል፣ ስምምነት ወዳለን አገር የሄደን ሠራተኛ ነው። ቅጹን ብቻዋን ሞልታ ለንደን የገባች ነርስ በዚያ ሥዕል ውስጥ የለችም። በእኔ እምነት የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ሊያጠኑት የሚገባ ክፍተት ይህ ነው።

እስከዚያው በእጇ ያለው ጥቂት ነው፤ ግን ባዶ አይደለም። የኢትዮጵያ የሙያ ፈቃዷን ሳታሳድስ ከቆየች ተመልሳም ወዲያው አትሠራም፤ እድሳቱ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠናን ይጠይቃልና። ከቀጣሪዋ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የደመወዝ ወረቀቶችና የሥልጠና ምስክር ወረቀቶች መውሰድ ያለባት ድርጅቱ ሳይዘጋ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ የሚፈርም ሰው አይገኝም።

አባቷ ያከራየው መሬት ደግሞ ዘመኑ እስኪያልቅ አይመለስም። የውሉ ዘመን በዓመታት ይቆጠራል፤ የእርሷ ጊዜ በ60 ቀን። ብዙዎች ሕጋዊውን መንገድ ትተው የሚሰወሩት ሕጉን ስለማያውቁ ብቻ ሳይሆን፣ ይህን ልዩነት ይዘው አምበር ለመግባት ስለሚያፍሩ ነው። ቤተሰቡ በመጀመሪያው ሳምንት እውነቱን ከሰማ ከተከራዩና ከአበዳሪው ጋር በሽማግሌ መነጋገር ይቻላል፤ ዕዳን በሽማግሌ ማራዘም ለምሥራቅ ጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።