አሮጌውን ኮምፒውተር ለዕለት ሥራ ስለ ማበጀት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ርእሳችን ስለ ኮምፒውተር ቢሆንም፥ ዋናው ነገሩ በእጃችን ያለውን ዕቃ በሚገባ ስለ መጠቀም ነው።

በየትምህርት ቤቱ «አርጅቷል» ተብሎ ጥግ የተጣለ ኮምፒውተር አይጠፋም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ አዲስ ዓይነት ፕሮሰሰርና ልዩ የጥበቃ መሣሪያ ስለሚጠይቅ፥ ብዙ ደኅና ማሽኖች ሊቀበሉት አልቻሉም። እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ መጣል፥ ወይ ሌላ ሥርዐት ጭኖ ማሠራት። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ያም ሥርዐት ሊኑክስ ነው።

ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር 1991 ነበር። በሚከተለው ዓመት ማንም ሰው እንዲጠቀምበት፥ እንዲመረምረውና እንዲያሻሽለው በሚፈቅደው ጂ-ፒ-ኤል በሚባለው ፈቃድ ሥር አወጣው። ስለዚህ ማሽናችንን እንደ ሥራችን ስናበጅ የምንሠራው በፈቃድ የተሰጠንን ነው እንጂ የሰው ንብረት በድብቅ የምንነካካ አይደለንም።

ሊኑክስ ራሱ ከማሽኑ አካላት ጋር የሚነጋገረው የውስጥ ፕሮግራም ነው። በዓይናችን የምናየው ዴስክቶፕ፥ ማለትም መስኮቶቹ፥ የፕሮግራም ስሞች የሚደረደሩበት መስመርና የፋይል መክፈቻው፥ ከእርሱ የተለየ ነው። ቤቱ ሳይፈርስ የቤቱ ዕቃ እንደሚለወጥ ሁሉ፥ ዴስክቶፑም ሊለወጥ ይችላል። ግኖምና ኬ-ዲ-ኢ የሚባሉት ያማሩና ብዙ ነገር የያዙ ናቸው። በ1996 በኦሊቪየ ፉርዳን የተጀመረው ኤክስ-ኤፍ-ሲ-ኢ ግን ጥቂት ሜሞሪ ስለሚበቃው፥ 4 ጊጋባይት ብቻ ላለው ማሽን ተስማሚ ነው። ዴብያን ከተባለው የሊኑክስ ዝርያ ጋር አብሮ ሊጫን ይችላል።

ከተጫነ በኋላ አራት ነገሮች እንዲደረጉ እንመክራለን።

አንደኛ፥ ከመጨመር በፊት መቀነስ ነው። ማሽኑ ሲነሣ ሳይጠሩ የሚነሡ ፕሮግራሞች አሉ። ብሉቱዝ በሌለው ማሽን የብሉቱዝ ጠባቂ፥ ፕሪንተር በሌለበት ክፍል የፕሪንተር ጠባቂ ለምን ይቀመጣል? በማስተካከያው ውስጥ ዝርዝራቸውን ከፍቶ የማያስፈልገውን ምልክት ማንሣት ይበቃል። የመስኮቶች ጥላና ብርሃን አሳላፊነትም ለደካማ ማሽን ሸክም ነውና ይዘጋ።

ሁለተኛ፥ የዘወትሩን ለእጅ ማቅረብ ነው። መጻፊያው፥ የድረ ገጽ መክፈቻውና የፋይሉ ቦታ በመስመሩ ላይ ይቀመጡ፤ የቀሩት በዝርዝሩ ውስጥ ይቆዩ። ለእያንዳንዳቸውም የኪቦርድ ቁልፍ ሊመደብላቸው ይችላል።

ሦስተኛ፥ ማሽኑን አማርኛ ማስተማር ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዐት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ካልጫንን ግን በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥን ልናይ እንችላለን። ለመጻፍም አይ-ባስ የተባለው ፕሮግራም ከኤም-17-ኤን ጋር ሲጫን፥ የቃሉን ድምፅ በላቲን ቁልፎች ስንመታ ራሱ ወደ ፊደላችን ይመልሰዋል። በገዛ ቋንቋችን የማይጽፍ ማሽን፥ ምንም ቢፈጥን፥ ለእኛ ገና አልተበጀም።

አራተኛ፥ መዝግቦ መያዝ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ የተለወጠውም በደብተር ይጻፍ። ምርጫዎቻችን በአብዛኛው የሚቀመጡት ኮንፊግ በሚባል ስውር ፎልደር ውስጥ ስለሆነ፥ ቅጂውን በፍላሽ መያዝ ይገባል። ፕሮግራም ስናስወግድም አብረው የሚወገዱት ስሞች ይዘረዘራሉ፤ ዝርዝሩን ሳያነቡ «እሺ» ማለት ዴስክቶፑን በሙሉ ሊያሳጣ ይችላል።

«ይህ ሁሉ ጌጥና ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉ አሉ። በየማታው ሥዕልና ቀለም ለሚለዋውጥ ሰው ተግሣጹ ይገባዋል። መለኪያችን አንድ ጥያቄ ይሁን፤ ይህ ለውጥ የነገውን ሥራችንን ያቀልልናልን? ካላቀለለ ይቅር።

ደግሞም የማይሆነውን ይሆናል ብለን ተስፋ አንሰጥም። ዴስክቶፑ ቢቀልም ድረ ገጾቹ አይቀሉም፤ ሃያ ገጽ በአንድ ጊዜ የሚከፍት ሰው ማሽኑ ቢያቃስት አይደነቅ። ሃርድ ዲስኩን ኤስ-ኤስ-ዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ መተካት ከብዙ ማስተካከያ ይበልጣል። ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ ፕሮግራሞች በሊኑክስ ላይ ላይሠሩ ይችላሉ፤ በዎርድ የተጻፈ ሰነድም በሊብረ ኦፊስ ሲከፈት አሰላለፉ የሚዛነፍበት ጊዜ አለ። ይህን ዐውቆ መጀመር ኋላ ከማማረር ያድናል።

ውድ ታናናሾቻችን፤ እኛ በዚህ ዓመት እንሄዳለን፥ ማሽኖቹ ግን ይቀራሉ። የሚያሰጋን የብረቱ ማርጀት አይደለም፤ ዕውቀቱ ከጥቂት ሰዎች ጋር ከግቢው መውጣቱ ነው። አንድ ልጅ ብቻ የሚያውቀው ማሽን፥ ልጁ በሄደ ማግስት እንደገና ጥግ ይጣላል። ስለዚህ አንድ ማሽን ያበጀ ሁሉ ከበታቹ ላለው ክፍል ሁለት ተማሪዎች ያስተምር፤ ደብተሩንም ያስረክብ። ሊኑክስ ራሱ ከአንድ ተማሪ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው ብዙ ሺህ ሰዎች እየተጋገዙ ስለ ሠሩበት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላልና።

መክሊቱን ቀብሮ ከማስቀመጥ እግዚአብሔር ይሰውረን። ትምህርት ቤታችንን ለብዙ ዘመን ያቆይልን።