የመርከብ ነጋዴዎች መዝገብ የሚመሰክረው



አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ልጅ ርስትና ገንዘብ እንደሚወርስ ሁሉ፥ የአባቱን መዝገብ ሲረከብ መልካሙንም ክፉውንም ሥራ አብሮ ይረከባል። ዛሬ የምንነግራችሁ ታሪክ ይህን የሚያስረዳ ነው።

መርከብ በሸራና በነፋስ በሚሄድበት ዘመን፥ በሰሜን አሜሪካ በሮድ አይላንድ፥ ፕሮቪደንስ በምትባል የወደብ ከተማ፥ ብራውን የተባለ የነጋዴ ቤተሰብ ነበረ። ኒኮላስ፥ ጆሴፍ፥ ጆንና ሞዝስ የተባሉት አራት ወንድማማቾች ከዓሣ ነባሪ ቅባት በሚሠራ ሻማ፥ በብረትና ሩም በሚባለው መጠጥ ይነግዱ ነበር። የላኩትንና የተቀበሉትን ደብዳቤ፥ የገዙትንና የሸጡትን ዕቃ ሁሉ በጽሑፍ አኑረዋል። የንግዳቸው ጽሑፍ ዛሬ በዚያው ከተማ፥ በጆን ካርተር ብራውን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ከነዚህም አንዱ ሳሊ የተባለችው መርከብ የሒሳብ መዝገብ ነው። ይህች መርከብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1764 ዓ. ም. ከ17 ሺህ ጋሎን በላይ ሩም ጭና ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄደች። የመርከቢቱ አዛዥ ኢሴክ ሆፕኪንስ፥ ሩሙን እየሰጠ በለውጡ የሰው ልጅ ይገዛ ጀመር። በወራት ውስጥ 196 ሰዎች ገዛ። መዝገቡም ይህን የሚያሰፍረው ዕቃ እንደሚቈጠር አድርጎ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ዐይነት ሒሳብ ይከተላል። ዛሬ አንዲት ሴት ሞተች፤ ነገ አንድ ልጅ ሞተ፤ እየተባለ ሞቱ በተራ ቍጥር ይመዘገባል። በ1765 ዓ. ም. መርከቢቱ ከአፍሪካ ዳርቻ በተነሣች በሳምንቷ ገደማ ምርኮኞቹ ለነጻነታቸው ተነሡ። መርከበኞቹም ተኩሰው 8 ሰዎች ገደሉ። በጠቅላላው ከ196ቱ ቢያንስ 109 ሰዎች አለቁ። በዚያ ሁሉ ገጽ ቍጥር አለ፤ የአንዱ ሟች ስም እንኳ የለም።

አድማጮቻችን ሆይ፤ በአንድ መዝገብ የተጻፈው ነገር ወንድማማቾቹን በሁለት መንገድ መራቸው። ሞዝስ በ1773 ዓ. ም. ባሮቹን ነጻ አወጣ፤ የባሪያ ንግድንም በብርቱ ተቃወመ። ጆን ግን በንግዱ ጸና። አገሪቱ በ1794 ዓ. ም. ባሪያ ወደ ውጭ አገር የሚያመላልስ መርከብ እንዳይሰናዳ የሚከለክል ሕግ ካወጣች በኋላ፥ በ1797 ዓ. ም. ፍርድ ቤት ቀርቦ ሆፕ የተባለች መርከቡን ተወረሰ። የአንድ እናት ልጆች በአደባባይ በጋዜጣ እስከ መከራከር ደረሱ።

ቤተሰቡ የረዳው ኮሌጅ የተመሠረተው ሳሊ በተጓዘችበት በዚያው በ1764 ዓ. ም. ሲሆን፥ ከ1804 ዓ. ም. ጀምሮ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። በ2003 ዓ. ም. የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሩት ሲመንስ፥ እርሳቸውም ከባሮች ዘር የተወለዱ ሲሆኑ፥ ይህ ታሪክ እንዲመረመር ኮሚቴ አቋቋሙ። በ2006 ዓ. ም. ውጤቱ ለሕዝብ ታተመ። ለማስረጃነት የቀረበውም ነጋዴዎቹ ለትርፋቸው ሲሉ የጻፉት ያው መዝገብ ነው።

ያን መዝገብ የያዘው እጅ ትርፍና ኪሳራን ብቻ የሚጽፍ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን በራሱ ላይ ምስክር ይጽፍ ነበር። የወረሱትም ሰዎች ሳያቃጥሉት ማኖራቸው ለእውነት ጠቀመ። እኛም በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን የምናኖረው ወረቀት ነገ እንደሚመሰክር ዐውቀን፥ ስንጽፍ በእውነት እንጻፍ፤ ሰውንም ስንመዘግብ ስሙን አንርሳ።