ስለ ኖራ ልስን ስንጥቅ
(ለሰፈሩ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ክረምት በወጣ ቁጥር የግድግዳ ስንጥቅ ጉዳይ ይነሳል። ብዙዎቻችን የምንኖረው በጭቃ ወይም በድንጋይ ተሠርተው ውስጣቸው በኖራ በተለሰነ አሮጌ ቤቶች ነው። ስንጥቅ ስናይ ቶሎ ብለን ሲሚንቶ እንለጥፋለን። ይሄ ትርፉ ድካም ነው። ሲሚንቶ ድርቅ ያለ ስለሆነ ከግድግዳው ጋር አይስማማም፤ እርጥበቱንም ያፍናል፤ ውሎ አድሮ ደህናውን ልስን ይዞ ይወርዳል። ኧረ የተኛ ልጅ ላይ ቢወርድስ?

ስለዚህ አስቀድመን የሚያፈሰውን ጣራና አሸንዳ እንጠግን። የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርገን ቀኑን እንጻፍበት። ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ወይም ጣት የሚያስገባ ከሆነ ግንበኛ ይየው። ባለበት ከቆመ ግን ዙሪያውን በጣት እናንኳኳ፤ የባዶ ድምፅ የሚሰጠውን እናራግፍ። ስንጥቁን በቢላዋ ሰፋ አድርገን፣ አቧራውን ጠርገን፣ ውሃ እናርከፍክፍበት። ከዚያም ውሃ ጠጥቶ የበረደ ኖራ 1 ጣሳ፣ ንጹሕ አሸዋ 3 ጣሳ ለውሰን በስሱ ደረብ ደረብ እያደረግን እንሙላው። ኖራ ከአየር ጋር ቀስ በቀስ ነው የሚጠነክረው፤ ቶሎ እንዳይደርቅ ለጥቂት ቀናት እርጥብ ጆንያ ይሰቀልበት። ኖራ ዓይን ያቃጥላልና ልጆችን እናርቅ።

ጎንደር ያለው የፋሲል ግንብ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራው በድንጋይና በኖራ ነው። ኖራ ለእኛም ቤት አያንስም።