ባለዕዳው ባሕር ማዶ ሲሆን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ቀለብ እንድንናገር ስንጠየቅ አመንትተን ነበር። እኛ የሒሳብ ሠራተኞች እንጂ ጠበቆች አይደለንም። ነገር ግን ቁጠባ ያቋረጠች እህት ባየን ቁጥር ምክንያቱን እንጠይቃለን፤ መልሱም ብዙ ጊዜ «ቀለቡ አልመጣም» ነው። የተፈረደ ቀለብ በእኛ ሙያ ተሰብሳቢ ሒሳብ ይባላል። ባለዕዳው ውጭ አገር ሲሆን ይህ ሒሳብ እንዴት ይሰበሰባል?

አንዲት አባላችን ጉዳይዋን እንድንናገር ፈቅዳልናለች። የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለቤቷ አሜሪካ ከሄደ በኋላ ተፋቱ፤ ፍርድ ቤቱም በወር 3,000 ብር ቀለብ ወሰነላት። ሰውየው የመጀመሪያዎቹን ወራት ላከ። ቀጥሎ በሰው እጅ ጫማና ቸኮሌት ብቻ መጣ። ከዚያ ዝም አለ። የአፈጻጸም መዝገብ ስታስከፍት «ንብረቱን አሳዪ» ተባለች። ደመወዙ አሜሪካ ነው፤ ምኑን ታሳይ?

አብረናት ተቀምጠን ስናስብ ግን፣ ሰውየው ሁለመናውን ይዞ እንዳልሄደ ታየን። በስሙ ኮንዶሚኒየም አለ፤ ወንድሙ በውክልና ያከራየዋል። እርሷም ታውቃለች። «ኪራይ እንደ ንብረት የሚያዝ አልመሰለኝም» አለችን። አመለከተች፤ ተከራዩ ኪራዩን ለፍርድ ቤት ገቢ እንዲያደርግ ታዘዘ። ለዚህ የአሜሪካ ዳኛ አላስፈለገም። ስለዚህ የቀለብ ጉዳይ ይዛ የምትመጣ እህትን ከሁሉ በፊት የምንጠይቃት ይህንኑ ነው፦ እዚህ ምን ትቶ ሄደ? ቤት፣ መኪና፣ አክሲዮን፣ የባንክ ሒሳብ? ውክልናውን ማን ይዟል?

አንድ ነገር በብርቱ እናሳስባለን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ሳይጠየቅ የተጠራቀመ ቀለብ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ከ3 ወር በኋላ እንደሚቀር ይናገራል። «ይጠራቀምና አንድ ላይ እጠይቀዋለሁ» የምትሉ እህቶች፣ ይህ ዕቁብ አይደለም። በየወሩ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ቀኑን፣ መጠኑን፣ በማን ስም እንደመጣ። ለአማት የተላከ ገንዘብ ለልጅ የተላከ ቀለብ አይደለም፤ ደረሰኝ ሲቆጠር ግን «ልኬአለሁ» ማለቱ አይቀርም።

ሌላው የብሩ ነገር ነው። የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲሆን፣ የአባላችን 3,000 ብር 52 ዶላር ያህል ይሆን ነበር። ተመኑ 120 ሲያልፍ ከ25 ዶላር በታች ወረደ። በዶላር የሚከፈለው ሰው ዕዳ በግማሽ ሲቀልለት፣ የእርሷ ጤፍና የትምህርት ቤት ክፍያ ጨመረ። ቀለብ የሚተመነው በጠያቂው ችግርና በከፋዩ አቅም ስለሆነ፣ ሁኔታው ሲለወጥ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ብዙዎቻችሁ አልጠየቃችሁም።

እዚህ ምንም ንብረት ከሌለውስ? እውነቱን እንናገር፤ መንገዱ ረጅም ነው። ቀለብን ከአገር አገር ለማስከፈል የ1956 የኒው ዮርክና የ2007 የሄግ ስምምነቶች አሉ (ዓመታቱ በፈረንጅ ናቸው)። ኢትዮጵያ ሁለቱንም አልተቀበለችም። ስለዚህ ፋይሉን ተቀብሎ ወዲያ ማዶ የሚልክ መሥሪያ ቤት የለንም፤ እናትየዋ ራሷ ትልካለች። አሜሪካ ውስጥ የልጅ ማሳደጊያ የሚታየው በየክፍለ ግዛቱ ነው። የእኛን ፍርድ እንዲያከብሩ መጠየቅ ወይም እዚያው አዲስ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ከተሳካ ገንዘቡ በአሠሪው በኩል ከደመወዙ ይቆረጣል። ግን ውሳኔው መተርጎምና መረጋገጥ አለበት፤ መጥሪያም በአግባቡ ደርሶት መሆን አለበት። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ውጭ ላለ ተከሳሽ መጥሪያ በፖስታ እንዲላክ ይፈቅዳል፤ ለዚህም አድራሻው ያስፈልጋል። አድራሻው ካልታወቀ በጋዜጣ ይጠራል፤ የአዲስ ዘመን ማስታወቂያም ነፃ አይደለም። ደጋፊዎቻችን፣ እናንተን የምንለምነው እዚህ ላይ ነው፤ ለትርጉም፣ ለማረጋገጫና ለማስታወቂያ የሚሆን ወጪ። ከቁጠባችን ለቀረ ቀለብ ብድር ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ ግን አንደግፍም፤ የአባትየው ዕዳ የእናትየዋ ዕዳ ይሆናልና።

ድምፅ ያላችሁም አግዙን። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 27፣ መንግሥታት ከውጭ አገር ቀለብ የሚሰበሰብበትን ስምምነት እንዲያበረታቱ ይጠይቃል።

በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ጎረቤት ወደየአቅጣጫው ተበትኗል። «ልጁን አላውቀውም» የሚል አባት ሲመጣ፣ ባልና ሚስት ሆናችሁ ስትኖሩ ያየ ምስክር ያው ጎረቤት ነው። ስልካቸውን ፈልጋችሁ ያዙ፤ አሁኑኑ።

አባላችን ዛሬ ከኪራዩ በየወሩ ትቀበላለች። በዚህ ሳምንት ግን ወንድምየው ቤቱን ሊሸጥ ደላላ እያነጋገረ መሆኑን ሰማን። የእግድ ማመልከቻው ተጽፏል፤ ሰኞ ጠዋት ይገባል። አብራችኋት መሄድ የምትችሉ ሁለት ሦስት እህቶች ከስብሰባው በኋላ አነጋግሩን።